ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፦ የወቅት ትንበያና የጎርፍ ስጋት

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን የአየር ጠባይ አዝማሚያ በየዓመቱ ግንቦት ማብቂያ አካባቢ ይፋ ያደርጋል። መግለጫው በቀጣዮቹ አራት ወራት በየአካባቢው ምን ያህል ዝናብ እንደሚጠበቅ፣ ዝናቡ መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ፣ የጎርፍ ስጋትም በየትኛው ተፋሰስ እንደሚያይል ያመለክታል። የገበሬው የዘር ምርጫ፣ የግድቦች የውሃ አያያዝ፣ የወንዝ ዳር ወረዳዎች የጀልባና የእህል ዝግጅት ከዚህ መግለጫ ይነሳሉ። ይሁንና የወቅቱ ዝናብ ብዛትና የጎርፍ አደጋ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ድምሩ መደበኛ በሆነ ክረምት አንዲት ከተማ በአንድ ሌሊት ልትጥለቀለቅ ትችላለች፤ ጠብታ ያልወረደበት ቆላም ከሩቅ ደጋ በመጣ ውሃ ይዋጣል። ስለዚህ የወቅት ትንበያ በትክክል የሚነበበው ዝናቡ ከየት እንደሚመጣ፣ በምን ፍጥነት እንደሚወርድና በየት በኩል እንደሚፈስ ሲታወቅ ነው።

የክረምት አመጣጥ

በሚቲዎሮሎጂ አቆጣጠር ክረምት ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 20 ያለው ጊዜ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ደግሞ ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። የሰሜኑ፣ የመካከለኛውና የምዕራቡ ደጋ የዓመቱን ዝናብ አብዛኛውን ክፍል የሚያገኘው በእነዚህ ወራት ነው፤ በአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ብቻቸውን የዓመቱን ግማሽ ያህል ይይዛሉ። ደቡብ ምዕራቡ ከበልግ ጀምሮ ስለሚዘንብበት ክረምቱ የረጅሙ የዝናብ ወቅት አካል ነው። ቦረናና የሶማሌ ክልል ደቡባዊ ክፍል ግን በክረምት ደረቅ ናቸው፤ የእነሱ ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ዳግመኛም በጥቅምትና በኅዳር ነው።

ልዩነቱን የሚፈጥሩት ነፋሶች ናቸው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሻገር የሰሃራና የዓረቢያ በረሃዎች ይግላሉ፤ የአየር ግፊታቸውም ይቀንሳል። የሰሜንና የደቡብ ንፍቀ ክበብ ነፋሶች የሚገናኙበት የዝናብ መቀነት እነሱን ተከትሎ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ይወጣል። በዚሁ ጊዜ ከማዳጋስካር በስተ ምሥራቅ በማስካሪን ደሴቶች አካባቢ፣ እንዲሁም በደቡብ አትላንቲክ በሴንት ሄሌና ደሴት አካባቢ ያሉት ከፍተኛ የአየር ግፊቶች ይበረታሉ። ከእነዚህ የተነሳው አየር ምድር ወገብን ተሻግሮ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ደን እርጥበት ተሸክሞ ወደ ኢትዮጵያ ይነፍሳል። ተራራ ሲያጋጥመው ወደ ላይ ይገፋል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የያዘውን እንፋሎት ያፈሳል። ወደ ሶማሊያ ጠረፍ የሚያልፈው የነፋስ ክፍል ግን በዝቅተኛው ምድር ላይ በፍጥነት ስለሚሮጥና አየሩን ወደ ላይ ስለማያነሳ አካባቢውን ደረቅ አድርጎ ያስቀረዋል።

ከምድር ከ12 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ከእስያ ወደ አፍሪካ የሚነፍስ ፈጣን የምሥራቅ ነፋስ አለ። ከቲቤት አምባ በላይ ካለው ከፍተኛ ግፊት የሚነሳው ይህ ነፋስ ሲጠነክር ከደመናው አናት ላይ አየሩን ጠርጎ ስለሚወስድ ከታች ያለው እርጥብ አየር ይበልጥ እንዲወጣ ያግዛል። በትንበያ መግለጫዎች ውስጥ «ዝናብ ሰጪ የሚቲዎሮሎጂ ክስተቶች» የሚባሉት እነዚህ ሁሉ ናቸው። ክረምቱ የሚሰምረው አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ ሲጠናከሩ ነው።

ከውቅያኖስ የሚነሳው ፍንጭ

የአንድ ቀን አየር ከሁለት ሳምንት በላይ አስቀድሞ በዝርዝር ሊታወቅ አይችልም። የአራት ወር አዝማሚያን መገመት የሚቻለው ውቅያኖስ ቀስ ብሎ የሚሞቅና ቀስ ብሎ የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ነው። በግንቦት የታየ የባሕር ሙቀት ለወራት ሊቆይና በነፋሶች ላይ ተጽዕኖውን ሊቀጥል ይችላል።

ትልቁ ፍንጭ የሚገኘው ከሰላማዊ ውቅያኖስ ነው። የመካከለኛውና የምሥራቁ ክፍል የገጽ ሙቀት ከአማካዩ ቢያንስ በ0.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ብሎ ለወራት ሲቆይ ኤልኒኖ፣ በዚያው ልክ ዝቅ ሲል ላኒና ይባላል። በኤልኒኖ ክረምት የምሥራቁ ፈጣን ነፋስ ይዳከማል፤ በአፍሪካ ቀንድ ላይ አየር ወደ ታች የመውረድ ዝንባሌ ያሳያል፤ የሰሜንና የሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ዝናብም ይቀንሳል። የ2007 ዓ.ም. ክረምት ለዚህ ምሳሌ ነው፤ ያኔ በተፈጠረው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የምግብ እርዳታ አስፈልጓቸዋል። ላኒና በአንጻሩ ክረምቱን ያበረታል። በ1980፣ በ1990 እና በ2012 ዓ.ም. የአባይ ሙላት ሱዳንን ያጥለቀለቀው ላኒና በነበረበት ወይም በሚፈጠርበት ክረምት ነው።

የሕንድ ውቅያኖስ ሚና ክረምቱ ሲወጣ ይጎላል። የውቅያኖሱ ምዕራባዊ ክፍል ሞቆ ምሥራቁ ሲቀዘቅዝ የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ይጨምራል፤ ኤልኒኖ ሲታከልበት ደግሞ እጅግ ይበረታል። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ሁለቱ ተገጣጥመው በዋቢ ሸበሌና በገናሌ ዳርቻ ከባድ ጎርፍ አስከትለዋል። ስለዚህ ያው ኤልኒኖ በክረምት ወሎንና ትግራይን ሊያደርቅ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ጎዴን ሊያጥለቀልቅ ይችላል።

ኢትዮጵያ የወቅት ትንበያ ማውጣት የጀመረችው በ1979 ዓ.ም. ነው። ከቆዩት ዘዴዎች አንዱ የአሁኑን የውቅያኖስ ሁኔታ ከሚመስሉ ያለፉ ዓመታት ጋር ማነጻጸርና በእነዚያ ዓመታት የወረደውን ዝናብ መመልከት ነው። ዛሬ ከዚህ ጎን ለጎን የዓለም አቀፍ ማዕከላት የኮምፒውተር ሞዴሎች ይታያሉ። መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያና ትግበራ ማዕከል የአካባቢውን አገሮች ባለሙያዎች ከእያንዳንዱ ዋና የዝናብ ወቅት በፊት ይሰበስባል። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ይህ ጉባኤ ለቀጣናው የጋራ ትንበያ ያወጣል፤ አገሮቹም የየራሳቸውን ዝርዝር ይጨምሩበታል።

ሆኖም የክረምት ትንበያ የሚዘጋጀው አስቸጋሪ በሆነ ጊዜ ነው። የሰላማዊ ውቅያኖስ ሁኔታ በሚያዝያና በግንቦት በሽግግር ላይ ስለሚሆን ኤልኒኖ ይመጣል አይመጣም የሚለው ግምት ከሌሎች ወራት ይልቅ ይሳሳል። በሰኔና በሐምሌ የሚወጡ ማሻሻያዎች ዋጋ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

«መደበኛ» ሲባል

የወቅት ትንበያ የሚገለጸው በሦስት እርከን ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ እና ከመደበኛ በታች። እርከኖቹ የሚወጡት ካለፉ 30 ዓመታት መዝገብ ነው። የአንድ ቦታ የ30 ክረምቶች ዝናብ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደር ዝቅተኞቹ 10 ከመደበኛ በታች፣ መካከለኞቹ 10 መደበኛ፣ ከፍተኞቹ 10 ከመደበኛ በላይ ይሆናሉ። ምንም ፍንጭ በሌለበት ዓመት የእያንዳንዱ እርከን ዕድል 33 በመቶ ያህል ነው። ትንበያው የሚያደርገው ይህን ዕድል ወደ አንዱ ማጋደል ነው።

ለምሳሌ ለአንድ ዞን ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20 በመቶ ተብሎ ቢወጣ ዋናው ዝንባሌ ወደ እርጥብ ክረምት ነው። ቢሆንም ከ5 መሰል ክረምቶች አንዱ ደረቅ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ያ አንዱ ቢደርስ ትንበያው ውሸት ነበር አይባልም፤ ብቃቱ የሚለካው ብዙ ዓመታት ተደምረው የተነገረው ዕድልና የደረሰው ሲቀራረቡ ነው።

በእርከኖቹ አነባበብ ሁለት ነገሮች በቀላሉ ይሳታሉ። አንደኛው፣ መደበኛ የሚለው መለኪያ የየቦታው መሆኑ ነው። አብዛኛው አፋር ከመደበኛ በላይ ዝናብ ቢያገኝ እንኳ መጠኑ በኢሉባቦር መደበኛ ከሚባለው እጅግ ያነሰ ነው። ባሮ ደግሞ ክረምቱ መደበኛ በሆነ ዓመትም ይሞላል፤ ስለዚህ በጋምቤላ «መደበኛ» የሚለው ቃል የጎርፍ ስጋት የለም ማለት አይደለም። ሁለተኛው፣ እርከኑ የወቅቱን ድምር ብቻ የሚናገር መሆኑ ነው። 600 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ60 ቀናት ተከፋፍሎ ሲወርድ ሰብል ያበቅላል፤ ግማሹ በጥቂት ቀናት ቢወርድ ማሳውን ይዞት ይሄዳል። በሁለቱም ሁኔታ ግን ድምሩ አንድ ነው።

ከባድ ዝናብ

የክረምት ቀን ብዙ ጊዜ የታወቀ ሂደት አለው። ጠዋት ፀሐይ ተዳፋቱን ታሞቃለች፤ የሞቀው እርጥብ አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ቀትር ላይ ደመናው ይቆለላል፤ ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ነጎድጓድ ይጀምራል። የዚህ ደመና አናት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። በውስጡ ያሉት የበረዶ ቅንጣቶች ሲፋተጉ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፤ መብረቅም ይወርዳል። ወደ ላይ የሚገፋው አየር ኃይለኛ ከሆነ የበረዶ ጠጠሩ እየተንከባለለ ያድጋል፤ መሬት ሲደርስም ጤፉንና ባቄላውን ያነጥፋል። ከኢትዮጵያ ተራሮች የተነሱ አንዳንድ የነጎድጓድ ስብስቦች ወደ ምዕራብ ተጉዘው በሱዳን ሜዳ ላይ ሌሊቱን ያዘንባሉ።

በኢንስቲትዩቱ ዕለታዊ መግለጫዎች በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የወረደ ዝናብ ከባድ ተብሎ ይመዘገባል። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሰፋ ተዳፋት ላይ 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 5 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ይሆናል። ግማሹ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ አንድ ሸለቆ ቢወርድ በየሰከንዱ 350 ሜትር ኪዩብ ያህል ይፈሳል።

ምን ያህሉ እንደሚወርድ የሚወስነው መሬቱ ነው። በሰኔ የደረቀ አፈር ብዙ ይጠጣል። በነሐሴ ግን አፈሩ ስለሚጠግብ በሰኔ ጉዳት ያላደረሰ ዝናብ ያን ጊዜ ጎርፍ ይሆናል። ዋልካ መሬት ሲርስ ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ውሃው ላዩ ላይ ይተኛል። የተራቆተ ተዳፋትና አስፋልት የለበሰ ከተማ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ቀን ውሃውን ያስወርዱታል። በአዲስ አበባ ቱቦዎች በቆሻሻ ሲደፈኑና ቤቶች እስከ ወንዝ አፋፍ ሲሠሩ ስጋቱ ይጨምራል።

የዓለም ሙቀት መጨመርም ከባድ ዝናብን ያባብሳል። የአየር ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር አየር ሊይዝ የሚችለው እንፋሎት በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል። የወቅቱ ድምር ባይለወጥ እንኳ ዝናቡ ሲጥል የሚጥለው በኃይል ይሆናል።

የጎርፍ መንገዶች

ደራሽ ጎርፍ በሰዓታት ውስጥ መጥቶ በሰዓታት ያልፋል። የድሬዳዋ አቀማመጥ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን በስተ ደቡብ ያሉት የሐረርጌ ተራሮች ከ2,000 ሜትር ያልፋሉ፤ ርቀቱ አጭር፣ ቁልቁለቱ ብርቱ ነው። መሐል ከተማውን የሚያቋርጠው ደቻቱ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ደረቅ የአሸዋ ወንዝ ነው። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ በደጋው የወረደው ዝናብ ሰው በተኛበት ደርሶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ብዙም ሳይቆይ በነሐሴ መጀመሪያ የኦሞ ወንዝ በደቡብ ኦሞ ዳሰነች ከ360 በላይ ሰዎችንና ብዙ ከብት ፈጀ። በሰላማዊ ውቅያኖስ ያኔ ላኒና አልነበረም፤ እንዲያውም በዚያው መኸር ደካማ ኤልኒኖ ተፈጥሯል። የውቅያኖሱ ፍንጭ ስለ ወቅቱ ድምር የሚናገረው ለአንድ ሌሊት ዝናብ ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ ይታያል።

የወንዝ ሙላት በአንጻሩ ቀናትን ይፈጃል። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ የበቾን ሜዳ ያቋርጣል፤ ቆቃ ግድብን አልፎ ወደ አፋር ይወርዳል፤ በጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቆቃ ሙላቱን ያበርዳል፤ ይሁንና በደለል ምክንያት የሚይዘው ውሃ ቀንሷል። ከወሎና ከሸዋ ተራሮች የሚወርዱት ገባሮችም ከቆቃ በታች ስለሚገናኙት በአሚባራ፣ በዱብቲና በአሳይታ ያለው ስጋት በነሐሴ ከፍ ይላል። ነሐሴ 13 ቡሄ ካለፈ ክረምቱ አከተመ የሚለው የአገር አባባል ለደጋው ዝናብ ሊሠራ ይችላል፤ በታችኛው አዋሽ፣ በጣናና በባሮ ግን የውሃው ከፍታ ከዚያም በኋላ ሊጨምር ይችላል።

በጣና ዙሪያ ሌላ ዓይነት ጎርፍ አለ። ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ ወርደው የፎገራን ሜዳ ያቋርጣሉ። ሜዳው ዘርጋ ያለ ስለሆነ ውሃው ይዘገያል፤ የሐይቁ ከፍታም በክረምቱ መጨረሻ ሲጨምር ወንዞቹ መውጫ ያጣሉና ወደ ኋላ ይተኛሉ። በደምቢያ በኩል መገጭ ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ይህ ውሃ ቤትና ከብት የሚያሳጣ ቢሆንም ፎገራን የሩዝ አገር ያደረገውም እርሱ ነው።

ባሮ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ በገደል ወርዶ ጋምቤላ ሜዳ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ያጣል። ኢታንግና ላሬ ውስጥ ውሃው ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ነዋሪው ሙላቱን አውቆ ወደ ከፍታ ቦታ ይወጣል፤ ውሃው ሲሸሽ በረጠበው ዳርቻ ይዘራል። ችግሩ የሚከብደው ሙላቱ ከተለመደው ቀድሞ ሲደርስ ወይም ከፍ ያለውንም ቦታ ሲሸፍን ነው።

የክረምቱ ውሃ ድንበርም ይሻገራል። አስዋን ከሚደርሰው የናይል ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ ይሄዳል፤ አብዛኛውም በክረምት ይፈስሳል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ የናይል ከፍታ በካርቱም በ1938 እና በ1980 ከተመዘገቡት ታላላቅ ሙላቶች በልጧል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ የመያዝ አቅም አለው። ግድብ ሙላትን የሚያበርደው ክረምቱ ሲገባ ባዶ ቦታ ካለው ስለሆነ ምን ያህል ውሃ እንደሚመጣ የሚናገር ትንበያና ከታች ላሉት ግድቦች የሚደርስ መረጃ የሥራው አካል ነው።

ከጎርፍ ጋር የሚቆራኘው ሌላው አደጋ የመሬት መንሸራተት ነው። ውሃ የጠገበ ተዳፋት ክብደቱ ይጨምራል፤ አፈሩን የያዘው ትስስርም ይላላል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በወረደ ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የወረደባቸው ናቸው። አንድ ጊዜ የተንሸራተተ ተዳፋት እንደገና ሊንሸራተት መቻሉ ለነፍስ አድን ሥራ ከዚህ የተገኘ ከባድ ትምህርት ነው።

ከወቅት እስከ ሰዓት

የትንበያው ጊዜ በቀረበ ቁጥር የሚሰጠው ጥቅም ይለያያል። የግንቦቱ አዝማሚያ ለግዥና ለዕቅድ ይሆናል፤ ቦይ ለመጥረግ፣ የወንዝ ዳር መከላከያ ለመጠገን፣ መድኃኒትና እህል መንገድ ሳይቆረጥ ለማድረስ። የወሩና የአሥር ቀኑ ትንበያ ለእርሻ ሥራ ይጠቅማል፤ ገበሬው መቼ እንደሚዘራ፣ መቼ ማዳበሪያ እንደሚበትን፣ በዋልካ ማሳው ላይ ፈሰስ መቼ እንደሚያወጣ ይወስንበታል። የሦስት ቀንና የዕለት ትንበያ ግድብ ለሚለቁና ሰው ለሚያነሱ ነው። ለደራሽ ጎርፍ ግን የሚቀረው ሰዓት ብቻ ነው፤ ያኔ የሚያገለግሉት ደመናን በየጥቂት ደቂቃው የሚያነሱት የሜቴዎሳት ሳተላይቶች፣ የዝናብ መለኪያዎችና ከላይኛው ቀበሌ ወደ ታችኛው የሚደወል ስልክ ናቸው።

ሥራው በተቋማት መካከል የተከፋፈለ ነው። ዝናቡን ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይተነብያል፤ የወንዞችን ከፍታ የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ይለካል፤ ማስጠንቀቂያውንና እርዳታውን የኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ከክልሎች ጋር ይመራል። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የምሥራቅ ናይል ቴክኒካል ቀጣናዊ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ለጣና፣ ለአባይ፣ ለተከዜና ለባሮ ተፋሰሶች በክረምት የጎርፍ ትንበያ ያዘጋጃል። ሰንሰለቱ ብዙ ጊዜ የሚላላው መጨረሻው ላይ ነው። «በአዋሽ ተፋሰስ ጎርፍ ሊከሰት ይችላል» የሚል መግለጫ አንድን አርብቶ አደር ከብቱን የት እንደሚያደርስ አይነግረውም። ጠቃሚ ማስጠንቀቂያ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የሚኬድበትን ከፍታ በሚሰማው ቋንቋ ይናገራል።

ጎርፍ በደረሰበት ጊዜ ብዙ ሰው የሚሞተው ውሃ ለመሻገር ሲሞክር ነው። በኃይል የሚፈስ ውሃ ከቁርጭምጭሚት ብዙም ባይበልጥ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ጠርጎ ይወስዳል። ደረቅ የአሸዋ ወንዝ ውስጥ ማደር፣ መኪና ማቆምና ገበያ መትከል በክረምት አደገኛ የሚሆነው ሰማዩ ጥርት ባለበት ቦታም ጭምር ነው።

ውሃው ሲጎድልም ስጋቱ ወዲያው አያበቃም። ጉድጓዶች ስለሚበከሉ የተቅማጥ በሽታ ይነሳል፤ በቀሩት ኩሬዎች ትንኝ ስለሚራባ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ ይጨምራል። በሌላ በኩል በእርጥበት የቀረው ዋልካ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፤ በኦሞና በባሮ ዳርቻም የውሃ ሸሽ እርሻ ይጀመራል። መስከረም ሲጋመስ የዝናቡ መቀነት ወደ ደቡብ ይመለሳል። የበጋው ትንበያ የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ ለደጋው የአጨዳ ወቅት ደረቅነትን የሚመለከተው ይኸው መግለጫ ለዋቢ ሸበሌና ለገናሌ ቆላዎች የሁለተኛውን የዝናብ ወቅት የጎርፍ ስጋት ይነግራል።